ሁዳዴ በውክልና

ከባድ በሽታ ሰውን ያለዝባል የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። አብዛኞቹ ጤነኞች ናቸው። እናቴን አላለዘባትም። አንጀቷ ላይ የበቀለውን ካንሰር ቆርጠው ካወጡላት በኋላ ለንደን ውስጥ ሃርልስደን ወዳለው ቤቴ ስትመለስ ጭቅጭቋን ካቆመችበት ቀጠለች፤ መጋረጃዬ ቆሽሿል፣ መጻሕፍቴ አቧራ ሰብስበዋል፣ በዚህ ዕድሜዬ ሚስት የለኝም። የተለወጠው ድምጿ ብቻ ነበር። አንሷል።

እንግሊዞች ስለዚህ በሽታ ሲያወሩ የጦር ሜዳ ቋንቋ ይወዳሉ። በሽተኛው ይዋጋል፣ ይፋለማል፣ እጅ አይሰጥም። እኛ ደግሞ ስሙን እንኳ አንጠራም፤ «ያ በሽታ» ብለን ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ሁለቱም አልተስማሙኝም። እኔ ጦርነትም ምሥጢርም አላየሁም። ያየሁት ቀጠሮ ነው፤ አውቶቡስ መጠበቅ፣ ለምርመራ ደም መቀዳት፣ ሚዛን ላይ መውጣት፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ። እናቴ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አገር ቤት መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ እኔ ዘንድ ለመኖር ስትመጣ ከእንግሊዝኛ የምታውቀው ማመስገንና ብርድ ነው ማለትን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁሉም ቦታ አብሬያት እሄዳለሁ፣ የሚባለውን ሁሉ እተረጉማለሁ።

የካንሰሩ መድኃኒት፣ ኬሞው፣ የተጀመረው ከገና በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዙሮች በደህና ተወጣቻቸው። ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰውም። ክብደቷ እየወረደ ነው፤ ከዚህ በላይ ከወረደ ሰውነቷ መድኃኒቱን ስለማይችለው ያቋርጠዋል። ከተቋረጠ ደግሞ በሽታው ተመልሶ እንዳይመጣ ይፈራል። ከእሱ ወጥተን ወደ ምግብ አማካሪዋ ገባን። ጉንጯ የቀላ፣ ደስተኛ ወጣት ነበረች። እናቴ መብላት ያለባትን በጣቶቿ እየቆጠረች ነገረችን፦ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ክሬም የተጨመረበት ወተት። የጾም ሕጋችንን ቁጭ ብላ አጥንታ የተከለከለውን ብቻ የመረጠች ነው የሚመስለው።

ተረጎምኩ።

«እሺ በላት» አለች እናቴ።

«ትበያለሽ?»

«ከፋሲካ በኋላ።»

የንስሐ አባቷ በሽተኛ በጾም እንደማይገደድ አስቀድመው ነግረዋት ነበር። ፈትቼሻለሁ ብለዋታል። እሷም ፈቃዱን እጅ ነሥታ ተቀበለች፤ ግን አልተጠቀመችበትም። «ከልጅነቴ ጀምሬ ያላፈረስኩትን አሁን ልሞት ስል ላፍርስ?» ትላለች። እሞታለሁ ብላ ካመነች መድኃኒቱ ምን ያደርግላታል ብዬ ብጠይቃት ይህ ሌላ ጉዳይ ነው አለችኝ።

ያን ቀን ቤት ስንደርስ የዶሮ መረቅ ሠራሁ። ሽታው እንዳይነካት መስኮት ከፈተች።

«እማዬ፣ ሐኪሙ ያለውን ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ካልበላሽ መድኃኒቱ ይቆማል።»

«ደግሞ አንተ ስለ ጾም ልታስተምረኝ! ዓርብ ዓርብ ጥብስ ስትበላ ስንት ዓመትህ ነው?»

«እኔ አልታመምኩም።»

«አንተ ነህ እንጂ የታመምከው!» አለችና ዝም አለች። ዝምታውን አውቀዋለሁ፤ ገበያ ላይ የመጨረሻ ዋጋዋን ከመጥራቷ በፊት ዝም የምትለው ዓይነት ነው። ከዚያ «እንዲህ እናድርግ» አለች። «አንተ ጹምልኝ፣ እኔ ልብላልህ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«እንደ እኔ አድርገህ ነው ታዲያ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የለም፣ ውኃ የለም። ከዚያም ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ቢራህንም ትተዋለህ።»

«ቢራ እኮ የጾም ነው።»

«ለሌላ ሰው። ላንተ አይደለም።»

እኔ በተማሪነቴ ሃይማኖት ከንቱ መሆኑን ለማስረዳት ብዙ ወረቀት ያበላሸሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህም ሐሳቤን እንድለውጥ የሚያደርግ ነገር አላነበብኩም። መረቁ ግን እየቀዘቀዘ ነበር። እሺ አልኳት። ማንኪያውን አንሥታ፣ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው የእመቤታችን ሥዕል ጀርባዋን ሰጥታ ጠጣችው።

እምነት የሌለው ሰው ሲጾም ከደንቡ በቀር የሚይዘው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ደንቡን ሙጭጭ ይላል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ቆሜ የብስኩት መጠቅለያ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ አነባለሁ። እንግሊዞች ወተት የማይጨምሩበት ነገር የለም፤ ዳቦው፣ ሾርባው፣ የድንች ጥብሱ ከረጢት ሳይቀር። ቅዳሜ ቅዳሜ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል በሚባለው ሠፈር የምንገናኝ የድሮ የተማሪ ማኅበር ጓደኞች አሉኝ፤ ሥጋ ሲቀርብ እጄን ሰብስቤ ስቀመጥ ሲቀልዱብኝ ዋሉ። «ጓድ፣ መቼ ነው የምትመነኩሰው?» አለ አንዱ። «ቆቡን እኔ እገዛለታለሁ!» አለ ሌላው። ስለ እናቴ መሆኑን አልነገርኳቸውም። ብነግራቸው ያከብሩኛል፤ ተከብሮ ሥጋ እያዩ መራብ ደግሞ መሳቂያ ሆኖ ከመራብ ይብሳል።

እናቴ ደግሞ ቁጥጥሯ ከባድ ነበር። ከውጭ ስገባ «ና እስቲ ተንፍስ» ትለኛለች። ስታምነኝ ትበላለች። ጠዋት እንቁላል፣ ማታ ዶሮ፣ በመሐል ሆስፒታሉ የሰጣትን ወተት መሳይ ጣፋጭ መጠጥ አፍንጫዋን ይዛ ትጨልጠዋለች። ክብደቷ መውረዱን አቆመ። ምግብ አማካሪዋ በጣም ተደስታ ምን ዘዴ እንደተጠቀምን ጠየቀችኝ። ማባበል ነው አልኳት።

ነገሩን ያፈረሰችው ልትጠይቃት የመጣች ሴት ናት። ከቤተ ክርስቲያን የምታውቃት፣ ብርቱካን ይዛ የመጣች ደግ ሴት። እናቴ ውላችንን በኩራት አጫወተቻት። እኔ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማለሁ።

«ውይ እኅቴ!» አለች ሴትዮዋ። «ውክልና ለቤት ሽያጭ ነው እንጂ! ጾም በውክልና የት አገር ያየሽው ነው? ያውም ባልቆረበ ሰው!»

በማግስቱ እንቁላሉ ሳይነካ ዋለ። መረቁም እንዲሁ። ተቆጣሁ፣ ለመንኩ፣ ሐኪሙን ጠቀስኩ። «እግዜርን እያታለልኩ ነው የከረምኩት» እያለች ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሚዛኑ ወርዶ ተገኘ። ሐኪሙ የሚቀጥለውን ዙር የሚሰጣት በሳምንቱ ክብደቷ ካልቀነሰ ብቻ መሆኑን ነገረን።

የንስሐ አባቷ ሰንበትን ይቀድሳሉ፤ በሌላው ቀን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ያጸዳሉ። በእረፍታቸው ሰዓት የሠራተኞች ምግብ ቤት አገኘኋቸው። ቢጫ ሰደርያ ለብሰው የቀዘቀዘ ድንች ጥብስ ፊታቸው አለ። ሰላም ሳልላቸው «ዘጠኝ ሰዓት አልፏል» አሉኝ።

ጉዳዩን ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ያለችውንም ነገርኳቸው።

«ልክ ናት» አሉ። «ምን ላድርግ፣ ብዙ ጊዜ ልክ ናት።»

እኔ ግን በባቡር ስመጣ ተዘጋጅቼ ነበር። «አባ፣ ሕፃን ክርስትና ሲነሣ ሰይጣንን የሚክደው በማን አፍ ነው? የክርስትና አባቱ አይደለም እንዴ የሚክድለት? ይህ ውክልና ካልሆነ ምንድን ነው?»

ሳቁ። «ይህን ሁሉ እያወቅህ ነው ቤተ ክርስቲያን የማትመጣው?»

«ስለማውቅ ነው።»

«ምላስህ እንደ እናትህ ነው። ግን የክርስትና አባቱ መጀመሪያ ራሱ ያምናል። አንተ ታምናለህ?»

አዎ ብላቸው ነገሩ ያበቃ ነበር። ለእናቴ ደውለው ተቀባይነት አለው ይሏታል፣ እሷም ትበላለች። አንድ ቃል ነው። ነገር ግን ማታ ቤት ስገባ ያንኑ ጥያቄ እሷም እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ፤ እሷን ዋሽቼ አምልጬ አላውቅም።

«አላምንም» አልኳቸው።

«እንግዲያው እኔም የሌለ ሕግ አላወጣም። እሷን ፈትቻለሁ፤ ትብላ። ይህንኑ ንገራት።» ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ና ቅመስ።»

«የተጠበሰበት ዘይት ከምን እንደሆነ ጠይቀዋል?»

«አልጠየቅሁም፣ አልጠይቅምም» አሉና አንድ ጎረሱ።

እኔ አልነካሁትም።

ስገባ እናቴ መስኮቱ አጠገብ፣ በእግሯ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋ ተቀምጣለች። ጋቢዋ ውስጥ ትከሻዋ ያለ አይመስልም።

«አባን አገኘኋቸው።»

«እህ፣ ምን አሉ?»

«ውክልና የለም አሉ። አንቺን ግን ፈትቻለሁ፣ ትብላ አሉ።»

«ያንተስ ጾም?»

«የኔ ከንቱ ነው። ስለማላምን።»

«ዛሬ ምን በላህ?»

«ምንም።»

«ከንቱ ነው ካሉህ ለምን አልበላህም?»

በሕይወቴ ለብዙ ጥያቄ ብዙ መልስ አንብቤያለሁ። የመለስኩላት ግን ከመጽሐፍ አልነበረም። «አንቺ ጹም ስላልሽኝ ነው» አልኳት። «ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበች።

«ሥጋ አላማረህም?»

«ሊገድለኝ ነው።»

«ሞኝ!» አለች። ከንፈሯን በምላሷ አራሰች፤ መድኃኒቱ አፏን ያደርቀዋል። «እንግዲህ አንተ ሳታምን ትጾማለህ። እኔ ሳልጾም አምናለሁ። ሁለታችን ብንደመር አንድ ክርስቲያን አይወጣንም?»

«አባ አይወጣችሁም ይላሉ።»

«እሳቸውን ማን ጠየቃቸው? ሂድ፣ እንቁላሉን ቀቅልልኝ።»

ሁለት ቀቀልኩላት። ብረት ብረት ይላል፣ ጨው አንሶታል፣ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል መጣል አይችልበትም እያለች አንዱን ጨርሳ የሁለተኛውን አስኳል በላች። ነጩን ተወችው፤ አላስገደድኳትም።

በሳምንቱ ክብደቷ አልጨመረም፤ ግን አልወረደም። ሐኪሙ መድኃኒቱን ፈቀደ። አንባቢ መጨረሻውን ማወቅ እንደሚፈልግ ስለማውቅ ልናገር፤ ኬሞው ሳይቋረጥ አለቀ፣ እናቴም ከዚያ በኋላ ዓመታት ኖረች። ያዳናት መድኃኒቱ ይሁን፣ እንቁላሉ ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን አልከራከርም። እሷ የምትለውን ትል ነበር፣ እኔ ዝም እል ነበር። ከክርክር መሸሽ ልማዴ ባይሆንም።

ሐኪሙ በፈቀደበት ቀን መድኃኒቱ በክንዷ ገብቶ እስኪያልቅ ቀኑ ተጋመሰ። ወደ ቤት የሚመልሰን አውቶቡስ ላይ ስንወጣ ድካሟ ፊቷን አመድ አስመስሎታል፤ ክንዴን ይዛ ነው የተቀመጠችው። ከፊታችን አንድ ሰውዬ የተጠበሰ ዶሮ በካርቶን ይዞ ይበላል። የጭኑን ሥጋ ከአጥንቱ ሲገነጥለው ሽታው መኪናውን ሞላው። ማቅለሽለሽ ስለሚቀድማት ለእሷ ፈርቼ ቦታ እንቀይር ልላት ዞር አልኩ። እሷ ግን የምታየው እኔን ነበር፤ ምራቄን ስውጥ አይታኛለች። ቀዝቃዛ እጇን ጉንጬ ላይ አድርጋ ፊቴን ቀስ ብላ ወደ መስኮቱ አዞረችው።

«አትየው» አለችኝ። «ወደ ውጭ እይ። በርታ የኔ ልጅ፣ ትንሽ ነው የቀረህ።»