ሳላይ የጻፍኩት ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ኮምፒውተሯን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ፣ «አባዬ፣ የዕድሩን ደብዳቤ በዚህ ጻፈው» አለችኝ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ መመርመር ስጀምር ሳቀች። «ሳታይ ትጽፍ ነበር ይሉህ የለም እንዴ?» እጽፍ ነበር። ለምን እንደተውኩት ግን ነግሬያት አላውቅም።

በወጣትነቴ በወረታ ከተማ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። በጽሕፈት መኪና ስጽፍ ዓይኔን ከረቂቁ ላይ አልነቅልም ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣም ችሎታው አብሮኝ ተሻገረ። አልደብቅም፣ እኮራበት ነበር። በአንድ ሐምሌ፣ በከተማችን ዙሪያ ያለው የፎገራ ሜዳ ውኃ ለብሶ ሳለ፣ ለሩዝ ሥልጠና ወደ ማዳጋስካር ተላክሁ። እዚያ ሐምሌ ደረቅና ብርዳም ነው። ቁርሱም፣ ምሳውም፣ እራቱም ሩዝ ነበር። ሩዙን ከጤፍ ቀላቅለን እንጀራ ለምናደርግ ለእኛ፣ ሩዝ እንጀራ ሳይሆን ሲቀርብ ነገሩ ያላለቀ ይመስለን ነበር።

ከመሄዴ በፊት ማስተዋል ለምትባል የወረታ ልጅ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ቤታችን ስልክ ስላልነበረ፣ የአባቷን መልስ ታናሽ ወንድሜ አዱኛ ከባሕር ዳር በኢሜይል ሊጽፍልኝ ተስማማን።

ኢንተርኔት ቤት ገባሁ። የይለፍ ቃሌ በላቲን ፊደል የተጻፈ የከተማዬ ስም ነበር። ጻፍኩ፤ ስህተት ነው አለኝ። ደገምኩ፤ ያው ነው። ቃሉ በኮከብ ምልክት ስለሚሸፈን ምን እንደጻፍኩ አላይም። ደጋግሜ ስሞክር የኢሜይል ሣጥኔ ለአንድ ቀን ተዘጋብኝ። በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። አጠገቤ አብሮኝ የተላከው የሐሙሲት ከተማ ባልደረባዬ ስንታየሁ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምትለቅም በአንድ ጣት እየለቀመ፣ ከቤተሰቡ ጋር በደስታ ይጻጻፋል። በዚያ ጣቱ ስንት ጊዜ ቀልጄበታለሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ «እስቲ ቃልህን ባዶው የስም ቦታ ላይ ጻፈው፣ እንየው» አለኝ። ጻፍኩ። «ወረታ» (woreta) ያልኩት «ዞረትቅ» (zoretq) ሆኖ ወጣ።

«ይህ ከተማ ከሐሙሲት በየት በኩል ነው?» አለና ሳቀ። «አገሩ የፈረንሳይ ኪቦርድ ነው የሚጠቀመው። ፊደሎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። ዓይንህን ለማን ነው የምትቆጥበው?»

እያየሁ ጻፍኩ፤ ተከፈተ። የአዱኛ ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦ «አባቷ፣ ባሕር የተሻገረ ሰው ለመመለሱ የራሱን ቃል ይስጠኝ ብለዋል። ቅዳሜ ባሕር ዳር ሄጄ መልስህን አመጣለሁ። እስከ እሑድ ካልሰሙ ሌላ ጠያቂ አላቸው።» ቀኑ ዓርብ ነበር።

እንደ ደንቤ በወረቀት አረቀቅሁ፤ አንድ ሙሉ ገጽ። ስንታየሁ ሄዷል፤ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት መዝጊያውን እየጎተተ ነው። ረቂቁን በግራዬ አስቀምጬ፣ ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል ገለበጥኩ። ነገሩ ለእኔ ገብቶኝ ነበር፤ ለጣቶቼ ግን አልገባቸውም። ቀና ብዬ ሳላነብ ላክሁት። በማግስቱ ለመስክ ሥራ ወደ ገጠር ወሰዱን።

ስመለስ አዱኛ ወረታ መናኸሪያ ጠበቀኝና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። ገጹ ከላይ እስከ ታች እንደ «ዞረትቅ» ያለ ፊደል ነበር።

«በዚያ ዝናብ ባሕር ዳር ድረስ ሄጄ ያመጣሁት ይህን ነው» አለ። «ሽማግሌዎቹ መነጽር እየተቀባበሉ አዩት። አባቷ ምን አሉ መሰለህ? ‹ሳይከርም አማርኛውን ከረሳ፣ እኛን ለመርሳት ምን ያህል ይፈጅበታል?›»

ማስተዋል ለደብረ ታቦር መምህር ታጭታ ነበር። እኔም ገጹን ከላይ እስከ ታች በቀይ እስክርቢቶ አረምኩት። ለማንም አልሰጠሁትም።

ዘንድሮ ወረታ ለቅሶ ላይ ማስተዋል አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም ሸብተናል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለችኝ። «ያኔ ምን ብለው ነበር የጻፉት?»

«እመጣለሁ ነው ያልኩት።»

«ለዚህ ነው አንድ ሙሉ ገጽ?»

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ጉዳዩ ከላይ በአንድ መስመር እንዲጻፍ ስንቱን ሠራተኛ አስተምሬአለሁ። ለአባቷ ግን ከሰላምታ ጀምሬ፣ ስለ አየሩና ስለ ሩዙ በሰፊው አትቼ፣ «እመጣለሁ»ን ያስቀመጥኳት ከገጹ ግርጌ ነበር።