በሰሌዳው በኩል ያለው ሰሜን

ተማሪዎቹ «አቅጣጫ» ይሉታል። በስሙ የሚጠራው ሰው ከሚስቱ ሌላ ያለ አይመስለኝም። እኔ የሒሳብ አስተማሪዋም፣ አሥራ አንድ ዓመት በመምህራን ክፍል አንድ ጠረጴዛ ስንጋራ፣ «ጋሼ አቅጣጫ» እያልኩት ኖሬአለሁ። አይቆጣም። ሚስቱ እንደምትለው ቤትም ውስጥ ያው ነው፤ ጨው የት አለ ስትለው «ከፊትሽ፣ በስተ ምሥራቅ» ይላታል። «ባል አገባሁ ብዬ ኮምፓስ አግብቼ ቁጭ አልኩ» እያለች ታስቀኛለች።

ወጣት ሳለ ምኞቱ ቀያሽ መሆን ነበር፤ መሬት ለክቶ ካርታ የሚሠራ ሰው። የግራ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ አልተቀበሉትም። እናም አንድ ሻንጣና አንድ የተጠቀለለ የግድግዳ ካርታ ይዞ እኛ ትምህርት ቤት መጣ። ሰባት ቁጥር ክፍል ተሰጠው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ክፍል አልተነሳም።

ለእሱ ጂኦግራፊ ማለት የዋና ከተማ ስም መሸምደድ አይደለም። «ያንንማ በቀቀንም ይደግመዋል» ይላል። «ልጁ መጀመሪያ የቆመበትን ይወቅ። ከዚያ ሌላው ቦታ በየት በኩል እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ምን ከምን አጠገብ እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖ ይየው።» በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ለዚህ ብቻ ይዞ ነበር፤ የካርታ ሰዓት ይባላል። ልጆቹ ከቤታቸው እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ይስላሉ። ከዚያ «ጨፍኑ!» ይላል። «ሆስፒታሉ በየት ነው?» አርባ ስድስት እጅ ይዘረጋል። በመካከላቸው እየዞረ የተሳሳተውን ክንድ በሁለት ጣቱ ይዞ ቀስ ብሎ ያዞረዋል። «ድልድዩስ? መናኸሪያውስ?» ዓመቱ ሲጋመስ የሚዞር ክንድ አይገኝም። አንድ ቀን በበሩ ቀዳዳ አይቻቸው ቅናት ያዘኝ፤ የእኔዎቹ ግማሽና ሩብ ከተማሩ ስንት ዓመታቸው፣ አሁንም ዓይናቸውን ገልጠው ይሳሳታሉ።

ዘንድሮ ዳይሬክተሩ ያንን ሰዓት ሊወስድበት ተነሳ። የብሔራዊ ፈተናው ውጤት አሽቆልቁሏል፤ የካርታ ሰዓት ለጥያቄ ልምምድ ይዋል አለ።

«አንተ ሰው፣ በጣቱ ጠቁሞ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ አይቼ አላውቅም» አለው።

አቅጣጫን ሲለምን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ዕድሜውን በሙሉ እሺ ባይ ሰው ነው። ከዓመታት በፊት ልጆቹን ሜዳ አውጥቼ ላስተምር ብሎ ጠይቆ፣ «ሌላውን ክፍል ይረብሻል» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ ተመልሷል፤ ዳግም አልጠየቀም። አሁን ግን፣ «ሱፐርቫይዘር ይምጣና ይፈትናቸው። ከወደቁ ሰዓቱን ውሰዱት። ካለፉ ተዉልኝ» አለ። ዳይሬክተሩም ተስማማ። ቀኑ ሰኞ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተባለ።

ዓርብ ዕለት ዝናቡ በሰባት ቁጥር ጣሪያ ገብቶ ክፍሉ ተዘጋ። ልጆቹ ወደ አዲሱ ሕንፃ እንዲዛወሩ ተወሰነ። ቅዳሜ፣ ሰማዩ እንደ ጨፈገገ፣ ዕቃውን አብሬው ተሸከምኩ። አዲሱን ክፍል ወደደው፤ መስኮቶቹ ሰፋፊ ናቸው፣ ሰሌዳው አንድም ጭረት የለበትም። ካርታውን ከሰሌዳው ጎን ሰቅሎ፣ ወደ ኋላ ሄዶ አየውና «ሰኞ ታያለሽ» አለኝ። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሰኞ ጧት ሰማዩ ጠራ። እኔ ታዛቢ ተብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። ሱፐርቫይዘሯ ከዳይሬክተሩ ጋር ገባች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ለልጆቹ ፈገግ ብላ፣ «እስቲ ዛሬ እኔ ልጠይቃችሁ። ጨፍኑ። ሰሜን በየት በኩል ነው?» አለች።

አርባ ስድስት እጅ በአንድ ጊዜ ወደ ሰሌዳው ተዘረጋ።

አቅጣጫ ፊቱ በራ። እኔም ደስ አለኝ። ሱፐርቫይዘሯ ግን ዞር ብላ መስኮቶቹን አየች፤ ከዚያ ሰሌዳውን። የጧት ፀሐይ ከጀርባችን ባሉት መስኮቶች ገብታ ሰሌዳው ላይ ቦግ ብላለች።

«ምሥራቅስ?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ፀሐይ ማጅራታቸውን እያሞቀችው፣ አርባ ስድስቱም በቀኛቸው ወዳለው ግድግዳ ጠቆሙ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሰባት ቁጥር ሰሌዳው በሰሜን ግድግዳ ላይ ነበር። በአዲሱ ክፍል በምዕራብ ነው። ልጆቹ የተማሩት ሰሜንን ሳይሆን ሰሌዳውን ነበር። ሆስፒታሉን ጠየቀቻቸው፤ ድልድዩንም ጠየቀቻቸው። ከተማው በሙሉ ከዴስኮቹ ጋር አብሮ ዞሯል። አንድ ልጅ፣ አንድ እንኳ፣ ከጓደኞቹ ተለይቶ ቢጠቁም ምን ነበረበት!

አቅጣጫ ክው አለ። ልጆቹ እንደ ጨፈኑ፣ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ይጠብቃሉ። አንዳንዶቹ «ጎበዝ» እስኪባሉ ፈገግ ብለዋል። ያ ፈገግታቸው አንጀቴን በላው።

«እጅ አውርዱ» አለ።

ኮሪደር ላይ ሱፐርቫይዘሯ ጠጋ ብላ፣ «መምህር፣ ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ክፍሉ አዲስ ስለሆነባቸው ነው ብዬ መጻፍ እችላለሁ» አለችው።

«አይጻፉ» አላት። «ክፍል ስለተለወጠ ሰሜን አይለወጥም። ያዩትን ይጻፉ።»

መምህራን ክፍል ገብተን ከጠረጴዛችን ፊት ለፊት ተቀመጥን። ከክፍል ይዞት የወጣው ጠመኔ አሁንም እጁ ላይ ነበር።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አለኝ። «አንድ ቀን እንኳ ዴስካችሁን አዙሩ አላልኳቸውም። አንድ ቀን! ስንቱ ልጅ ይሆን አሁን በየሰው አገር፣ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ሰሌዳዬን የሚፈልገው?»

«ጋሼ፣ የእኔስ ቢሆን? ፈተናው ባለፈ ማግስት ይረሱት የለም እንዴ?» አልኩት።

«የረሳ ሰው እንደገና ይማራል» አለኝ። «የእኔዎቹ ግን አልረሱም።»

ጠመኔውን ከእጁ ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት።

ሰዓቱ ተወሰደ። በካርታ ሰዓት አሁን የጥያቄ ወረቀት ያድላል፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እሱ መልሱን ያነባል፣ ልጆቹ ያከብባሉ። የሙከራ ፈተናው ውጤት ተሻሻለና ዳይሬክተሩ በስብሰባ መካከል አመሰገነው። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጫማውን ያያል። ሚስቱ ደውላ፣ «ምን አገኘብኝ? ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል» አለችኝ። ምን ልበላት? ደክሞት ነው አልኳት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በዕረፍት ሰዓት፣ አብረን ደረጃውን ስንወርድ አንዲት ቀጭን ልጅ ከኋላችን ሮጣ ደረሰች። ከእነዚያ አርባ ስድስቱ አንዷ ናት። ደብተሯን ገልጣ ዘረጋችለት።

«ቲቸር፣ ሦስት ጧት በተከታታይ በራችን ላይ ቆሜ ፀሐይ ስትወጣ አየሁ» አለች፣ እያለከለከች። «የምትወጣው በፋርማሲው በኩል ነው። ፊቴን ወደ እሷ ሳዞር ዳቦ ቤቱ በግራዬ ነው። እና ዳቦ ቤቱ በሰሜን ነው ማለት ነው አይደል? እዚያ ሰሌዳ የለም፣ ምንም የለም፤ ብቻዬን ነው ያገኘሁት። ልክ ነኝ?»

የቤቷን መንገድ ደብተሩ ላይ ስላዋለች፤ ሁለት ጊዜ ሰርዛ፣ ገጹን አዙራ እንደገና ስላዋለች። ልክ ነበረች። እኔ የቁጥር ሰው የሆንኩት እንኳ ልክ እንደሆነች አየሁ። አሁን ነፍስ ይዘራል ብዬ ፊት ፊቱን አየሁት።

ደብተሩን ተቀበላት። ደካማውን ዓይኑን አጥብቦ ብዙ አየው። ከዚያ ዘግቶ መለሰላትና፣ በብብቱ ከያዘው ክምር አንድ የጥያቄ ወረቀት መዞ ከላዩ ላይ አስቀመጠላት።

«ተይው ልጄ» አላት። «ይሄ ፈተና ላይ አይመጣም።»

«እሺ ቲቸር» አለች። ልክ ነኝ ወይ ብላ ደግማ አልጠየቀችም፤ እኔም ልክ ነሽ አላልኳትም።