የዳሚት ቃጭል

በመካነ ኢየሱስ ገበያ ዳር የሴት ቀሚስ የምትጠልፈውን ሐረገ ወይንን የሚያውቅ ሁሉ ላሟንም ያውቃል፤ አይቷት ባያውቅም። ቀሚስ ሊለኩ የሚመጡ ሴቶች ስለ ላሚቱ ሳይሰሙ አይመለሱም። ዳማ ናት። ግንባሯ ላይ የሰው መዳፍ የሚያህል ነጭ አለባት። ስሟ ዳሚት ይባላል። የምትኖረው ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ማዶ፣ በሐረገ ወይን ታላቅ ወንድም በተሻገር በረት ነው።

ሐረገ ወይን ስምንት ዓመት የሞላት ጊዜ እናቷ አንዲት ጊደር አንገቷን አስይዘው፣ «ይች ያንች ናት፤ ዘሯ ከእጅሽ እንዳይወጣ» አሏት። ጊደሯ አድጋ ወለደች፤ የወለደቻትም ዳሚትን ወለደች። እናትየው አረፉ። ቤቱ ፈረሰ፣ መሬቱም ለወንዶቹ ሆነ። ለሐረገ ወይን ከእናቷ ደጅ የቀራት ይኸው የከብት ዘር ብቻ ነበር። ተድራ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ስትገባ በኪራይ ግቢ ላም አይቆምምና ለወንድሟ በርቢ ሰጠችው፤ ወተቱ የጠባቂው፣ የሚወለደው የሁለቱ። እንዲህ ያለው ውል ወረቀት የለውም። ምስክሩ ዝምድናው ነው።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልክ ይደወላል። ተሻገር ስልኩን እንደያዘ ወደ በረቱ ይሄዳል። መጀመሪያ ቃጭሉ ይሰማል፤ እናትየው በእጃቸው ያሰሩት፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ የነሐስ ቃጭል ነው፤ ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ይሻክራል። ቀጥሎ ረዥም «እምቧ» ይመጣል። ልጆቿ፣ የስምንት ዓመቷ ፍቅርና የአራት ዓመቷ ትዝታ፣ ስልኩን እየተሻሙ «ዳሚት! ዳሚት!» ብለው ይጮኻሉ። ሐረገ ወይን ዐይኗን ጨፍና ትሰማለች። እምቧ ማለት ማንኛዋም ላም ታውቅበታለች፤ የቃጭሉን ድምፅ ግን ከሺህ ትለየዋለች።

አራት ዓመት ሙሉ ሄዳ አላየቻትም። መጀመሪያ ትዝታ ተወለደች፣ ከዚያ መንገዱ አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፈት ከረመ። ዘንድሮ ግን ፍቅር ስምንት ሞላት። ሐረገ ወይን ከቀሚስ በተረፈ ጨርቅ ለጥጃ የሚሆን ያንገት ማሰሪያ ጠለፈችና ባሏን አስቀምጣ ነገረችው።

«በጥቅምት እንሄዳለን። የዳሚትን ጥጃ ለፍቅር አስይዛታለሁ፤ እናቴ ለእኔ እንዳስያዘችኝ።»

ባሏ ደጀኔ ባጃጅ ነጂ ነው። ዓመታት የሰው ባጃጅ ሲነዳ ኖሮ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ማታ የራሱን እየነዳ ከደጃፉ ቆመ። «ዕቁብ ወጣልኝ» አላት። ያን ለት በደስታ አልቅሳ፣ ለባጃጇ የመስቀል ጥልፍ ያለው መጋረጃ ሰፍታለታለች።

የስማዳው ጉዞ ሲነሳ ግን ደጀኔ ሰበብ አላጣም። ጎማው አልቋል። ዝናቡ ገና አልወጣም። ወገዳ ድረስ በባጃጅ ልጅ ይዞ መሄድ ደግሞ ምን ይሉታል?

«አንተ ሰውዬ፣ አማቶችህ ዘንድ ጥሎሽ ሳትሰጥ የቀረህ ትመስላለህ» እያለች ሳቀችበት።

ቅዳሜ ማለዳ ተነሡ። ልጆቹ ከኋላ በእናታቸው ግራና ቀኝ፣ እግራቸው ሥር ስኳርና ሳሙና፣ ለተሻገር ሚስት ለሰርኬ የተሰፋ ቀሚስም ነበር። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። የአደይ አበባ ከመንገዱ ዳር አልረገፈም። ትዝታ ባገኘችው ላም ሁሉ «ዳሚት ናት?» ትላለች። ፍቅር፣ «ዳሚት ቃጭል አላት፣ አንች ደግሞ!» ብላ ትቆጣታለች። ዳገቱ ሲበረታ ሐረገ ወይን ወርዳ ከኋላ ትገፋለች፤ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ።

ከመንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ክር ነጋዴዋ ሹክሪያ ዘንድ ዐረፉ። ሐረገ ወይን የጥልፍ ክሯን ከሹክሪያ መግዛት ከጀመረች ዐሥር ዓመት አልፏታል፤ አንዷ ስትወልድ ሌላዋ አራስ የምትጠይቅ ወዳጆች ናቸው። ሹክሪያ ለልጆቹ ብስኩት አስጨበጠችና ደጀኔን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ ደጄ፣ ሰርግ ነው ለቅሶ የምትሄዱ? ፊትህ አልለይልኝ አለ።»

«መንገዱ ነው፣ ሹክሬ።»

«መንገዱማ ያው መንገድ ነው። የጠመምክ አንተ ነህ።»

እሱም ስልኩን አውጥቶ ከሱቁ ጀርባ ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ፍቅር ሮጣ መጣችና በእናቷ ጆሮ ሹክ አለች። «አባዬ ለአጎቴ እየደወለ ነው። ‹ቃጭሉን እንዳትረሳ› አለው።»

ሐረገ ወይን ልቧ ሞቀ። ሲያኮርፍ የዋለው ሰውዬ ለካ የልጆቹን ደስታ ሲያስብ ኖሯል። ባጃጁ ውስጥ ስትገባ ትከሻውን በእጇ ነካ አደረገችው። ደጀኔ ዘወር አላለም።

ከቀትር በኋላ ደረሱ። ተሻገር ልጆቹን አንድ ባንድ አንሥቶ ሳመ፣ እህቱን ሲስም ግን ዐይኑ ከትከሻዋ በላይ ነበር። ሰርኬ ቀሚሱን ተቀብላ «ምን ነበር አንች፣ ምን ነበር» እያለች ወደ ጓዳ ገባችና ቶሎ አልወጣችም። ልጆቹ መቀመጥ እምቢ አሉ። ሁሉም ወደ በረቱ ሄደ።

አንዲት ዳማ ላም ለብቻዋ ታስራለች። ቃጭሉ አንገቷ ላይ ነው። ራሷን ስታነቃንቅ ያ የተሰነጠቀ ድምፅ ወጣ። ሐረገ ወይን እንባዋ መጣ።

ፍቅር ግን ቀርባ ግንባሯን ስታይ ቆየች። «እናቴ፣ ነጯ አነሰችሳ? መዳፍ ታክላለች አላልሽም?»

«ስታረጅ እየጠበበ ይሄዳል» አለ ተሻገር።

«የማን ግንባር ነው ሲያረጅ የሚጠበው?» ብላ ሐረገ ወይን ሳቀች። እሷ ከሳቀች ዘንድ ሁሉም ሳቁ። ነጩን ደግማ አየችውና አራት ዓመት ረዥም ነው ብላ አለፈችው። «ጥጃዋስ?»

«ተሰማርታለች። ማታ ትመጣለች።»

ፍቅር የአንገት ማሰሪያውን ደረቷ ላይ እንደያዘች ስትጠብቅ ዋለች።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሐረገ ወይን የማለቢያውን ቅል አነሣች። ሰርኬ ከእጇ ልትነጥቃት ተሽቀዳደመች። «ተይ እባክሽ! እንግዳ ላም ያልባል?»

«በእናቴ በረት እኔ ነኝ እንግዳዋ?» ብላ አልፋት ሄደች።

የላሚቱ ግት ተወጥሯል። ሐረገ ወይን ተቀመጠችና እናቷ እንደሚያደርጉት ጎኗን በመዳፏ እየዳበሰች ስሟን ጠራቻት። ዳሚት ስሟ ሲጠራ አንገቷን አዙራ ትከሻ ትልሳለች። ይህችኛዋ ጆሮዋን እንኳ አላነሣችም። ጡቷን ስትይዝ ደነገጠችና ቅሉን በእርግጫ አሽቀነጠረችው። እንደገና ሞከረች። ወተቷን ያዘች፤ ጠብታም አልሰጠች። ሐረገ ወይን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ላም ጥጃዋ ሳይጠባ ለባዕድ እጅ ወተት እንደማታወርድ ከልጅነቷ ታውቃለች።

ያን ጊዜ ከቅንጭብ አጥሩ ማዶ ጥጃ ጮኸ። ላሚቱ ወደዚያ ዞራ እንደ እብድ መለሰችለት። ገመዱን ወጠረች፤ ቃጭሉ አለቅጥ ጮኸ።

«አንተ ተሻገር! ኧረ በሥላሴ!» የሚል ድምፅ መጣ። ጎረቤትየዋ እማማ ወለላ በአንድ እጃቸው ምርኩዝ፣ በሌላው የጥጃ ገመድ ይዘው በአጥሩ ክፍት ገቡ። «ጠዋት ለአፍታ ለልጆቹ ላሳያቸው ብለህ ወስደህ ታስመሽብኝ? ይች ጥጃ ጉሮሮዋ ተበጠሰ እኮ!» እንግዶቹን ሲያዩ ድምፃቸውን ለወጡ። «እንዴት ዋላችሁ፣ ሐረጌ ነሽ? ልጆችሽ ናቸው? እደጉ!»

ሐረገ ወይን ተነሣች። «እማማ፣ ይህች ላም የማን ናት?»

«የኔ ነቻ! የማን ልትሆን?»

«የኔይቱስ?»

አሮጊቷ ተሻገርን አዩት፤ ደጀኔንም አዩት። የተሸሸገ ነገር እንዳለ ግን የነገራቸው አልነበረም። «ያንችማ ከሄደች ሁለት ክረምት ሆናት። ባልሽ ራሱ መጥቶ ከወንድምሽ ጋር ከነጥጃዋ አርብ ገበያ ነድተዋት አልነበር? ኋላ ቃጭሉን ብቻ ይዘው ተመለሱ። ምነው፣ አልነገሩሽም?»

 ጥጃዋ ከገመዷ አምልጣ ከእናቷ ሥር ገባችና መጥባት ጀመረች።

«ለባጃጇ ጎደለኝ ብሎ ለመነኝ» አለ ተሻገር በመጨረሻ። «ዓመቱ ለኔም ክፉ ነበር፣ እታለም። ድርሻዬን ወሰድሁ። ምን ላድርግ?»

ደጀኔ አንገቱን ደፍቷል። «ለቤታችን ነው። ለልጆቹ ነው። ብነግርሽ እሽ አትይም ነበር።»

«ስለዚህ አልነገርኸኝም።»

«ሐረጌ...»

«ዕቁብ ወጣልኝ አልኸኝ። እኔም አልቅሼ መጋረጃ ሰፋሁልህ።» ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወደ ወንድሟ ዞረች። «እሑድ እሑድስ? በስልክ የሚጮኸው ማን ነበር?»

 ሰርኬ ነች ከበረቱ በር ላይ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና የመለሰች። «ቃጭሉን እኔ ነበርሁ የምነቀንቅ። እምቧውን... እሱ።»

ፍቅር አጎቷን አፍጥጣ አየችው። «አጎቴ ነው እምቧ የሚለው?»

ትንሿ ትዝታ ግን ነገሩ ደስ አላት። ሄዳ የተሻገርን ሱሪ ጎተተች። «አጎቴ፣ በል እስቲ! እስቲ እምቧ በል!»

ጢሙ የሸበተው ሰውዬ ቆሞ ቀረ። ልጅቷ ጎተተችው፣ ደግማ ጎተተችው። በመጨረሻ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐረገ ወይን ቅሉን ከመሬት አንሥታ ጠረገች። ጥጃዋን ትንሽ ካስጠባች በኋላ ገለል አድርጋ ላሟን እስከ መጨረሻው አለበቻት። አሁን ወተቱ ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። ሞልቶ አረፋ የደፈቀውን ቅል ለእማማ ወለላ በሁለት እጇ ሰጠቻቸውና፣ «ይቅር ይበሉን፣ ጥጃዎን አስራብንብዎት» አለች። ከዚያ ቃጭሉን ከላሚቱ አንገት ፈታች። ፍቅር ማሰሪያውን አጣጥፋ ለእናቷ መለሰችላት። ለሌላ ጥጃ እንድታስር ማንም አልጠየቃት።

በነጋታው ሰርኬ ቁርስ ብላ ብትለምንም ሐረገ ወይን አልተቀመጠችም። ደጀኔ ባጃጁን ሲያስነሣ መጣችና ቃጭሉን ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከራሷ መጋረጃ አጠገብ፣ በሦስት ቋጠሮ አሰረችው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

«እንዳትፈታው።»

«ተሳፋሪ ምን ይለኛል?»

«ሲጠይቁህ ንገራቸው።»

ልጆች ይዛ በእግር አትሄድም፤ ሌላ መኪናም አልነበረም። ገብታ ተቀመጠች። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ነውና ቃጭሉ አንድ ጊዜ አላረፈም። ትዝታ ላም ባየች ቁጥር ዝም አለች። ሹክሪያ ድምፁን ከሩቅ ሰምታ ከሱቋ ወጣች።

«ደጄ፣ ምን ጉድ ነው! ላም ጫንክ እንዴ?»

የመለሰች ሐረገ ወይን ናት። «አይ ሹክሬ፣ ላሚቱ ናት እኛን የጫነችን።» ሹክሪያ ልትስቅ ከንፈሯን ከፈተች፤ የወዳጇን ፊት አይታ መልሳ ገጠመችው። ሳትጠይቅ እጇን ያዘች፣ ያዘችና ለቀቀች።

ዛሬም እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኩ ይጮኻል። ሐረገ ወይን ስክሪኑን አይታ ትተወዋለች፤ ልጆቹም አይሻሙም። ከደጀኔ ጋር በአንድ ቤት ይኖራሉ፤ ምሳውን ታቀርባለች፣ ሸሚዙን ትጠቅማለች። ቃጭሉን አልፈታውም። ቢፈታው ምን እንደሚመጣበት አያውቅምና ይሆናል፤ ወይም ያውቃልና ይሆናል። እሷ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ ባሏ የትኛው ሠፈር እንዳለ በድምፁ ትለያለች።

ባለፈው ገበያ ከአንዳቤት የመጣች የድሮ ደንበኛዋ ለልጇ ሰርግ ቀሚስ ልታስለካ ገባች። ትከሻዋን ስትለካት፣ «ላሟስ? ዳሚት እንዴት ናት?» አለቻት።

በዚያች ቅጽበት ከእህል ተራው በኩል ያ የተሰነጠቀ ድምፅ መጣ፤ ቀረበ፤ በሱቁ ደጅ አልፎ ሄደ።

«ያው ሰማሻት» አለች ሐረገ ወይን። «ስትዞር ትውላለች። ወተት ግን የላትም።» የመለኪያውን ሜትር አጥፋ አንገቷ ላይ ጣለችና የክንዷን ርዝመት ለመለካት ሴትዮዋን ወደ ብርሃኑ አዞረቻት።