የአዘቦት ማርሽ

1964 ዓ.ም. ነው፣ የነሐሴ መጨረሻ፤ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። ረስቼው ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ቁጭ ብዬ እንድጽፈው ያደረገችኝ ጎረቤቴ ሳራ ናት። እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ትኖራለች። የታክሲ ሰልፍ መሮኛል ብላ ወደ መሥሪያ ቤቷ የምትሄድበት አዲስ ብስክሌት ገዛች። ባለፈው ሳምንት ግቢው ውስጥ፣ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ሥር ገልብጣ አቁማው፣ ፔዳሉን በእጇ እያዞረች ጆሮዋን አዘንብላ አየኋት።

"ምን ሆነብሽ?" አልኳት።

"አባባ ወልዴ፣ ይንኳኳል! ስነዳው ይንኳኳል፣ ሳዞረው ዝም። አዲስ እኮ ነው።"

"ማነው የሸጠልሽ?"

"ሌባ ነዋ! ነገ ሄጄ ሰው ፊት ነው የማዋርደው።"

እዚህ ላይ ከወንበሬ ተነሣሁ። ይህንኑ ቃል፣ በዚሁ ነገር፣ ሰው ፊት ተናግሬው ነበርና።

ያኔ አብነት ሰፈር፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ኩራዝ እንሠራለን፣ የላምባ ማንቆርቆሪያ እንሠራለን፣ የተበሳ ድስት እንበይዳለን። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ከመቁጠሬ በቀር ትምህርት የለኝም፤ ጆሮ ግን ነበረኝ። ቆርቆሮ መታ ሲደረግ ስንጥቅ እንዳለው ሳላየው አውቃለሁ። ብረት እኔን አይዋሸኝም እያልኩ እኩራራ ነበር።

ብስክሌቱን ሁለት ዓመት ጠብቄ ነው ያገኘሁት። የእሽቅድምድም ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የተጠማዘዘ፣ ቀለሙ ሰማያዊ። ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ወዳለ ሱቅ በሣጥን ተፈታትቶ መጣ፤ ሣጥኑን ከፍቶ የገጣጠመው እዚያ ተቀጥሮ የሚሠራው ጓደኛዬ ሽኩር ነው። እኔና ሽኩር እሁድ እሁድ ትኩስ ፓስቲ ከሁለት የምንገምጥ ሰዎች ነን። ሲያስረክበኝ፣ "ወልዴ፣ ይሄን ለራሴ እንደምገጥመው ነው የገጠምኩልህ" አለኝ።

እስከዚያ ድረስ የነዳሁት የኪራይ ብስክሌት ብቻ ነው። ጥርስ የምንለው ጥርሳም ክብ ብረት አንድ ፊት፣ አንድ ኋላ፣ ካቴናው ሁለቱን ይዞ ይዞራል፣ አለቀ። ይሄኛው ግን ባለ ማርሽ ነው። ፊት ላይ ትልቅና ትንሽ ጥርስ ጎን ለጎን አለው፤ ኋላ ደግሞ አምስት። ከመሪው ወደ ፔዳሉ በሚወርደው ቱቦ ላይ ያሉትን ሁለት እጀታዎች ስትስብና ስትለቅ ካቴናው ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘላል። ሽኩር አሳየኝ፤ እኔ ግን ዓይኔ የፊቱ ትልቅ ጥርስ ላይ ቀርቶ ነበር። መስታወት ነው። ፊቴን አይቼበታለሁ።

ይሄማ ለመስቀል ነው አልኩ። ለመስቀል ከሰፈር ልጆች ጋር እስከ አቃቂ እንነዳለን ተባብለን ነበር። በቤታችን አዲስ ነገር እንዲህ ነው የሚያዘው፤ ጥሩው ልብስ ይታጠፋል፣ ጥሩው ሰሐን ይደበቃል። በማግሥቱ ካቴናውን ከፊት ትንሹ ላይ፣ ከኋላም ትንሿ ላይ አደረግኩት። ማለቅ ካለበት ትንሹ ይለቅ።

ያን ቀን ጠዋት ከልደታ ወደ አብነት ስነዳ ጮኸ። ክርርር ቸክ፣ ክርርር ቸክ። ድምፁ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ ከጫማዬ ሥር ይሻክራል፣ አሸዋ የምረግጥ ይመስለኛል። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ጭቃ ነው ብዬ በላምባ አጠብኩት። ባሰበት። ዘይት አጠጣሁት። ዘይቱ ሱሪዬን አበላሸ እንጂ ለሱ የጠቀመው ነገር የለም። ያገኘሁትን ቡሎን ሁሉ አጠበቅኩ። መጨረሻ ላይ ገልብጬ አቆምኩትና የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ ደግፌ አዳመጥኩ። ፔዳሉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ላይ ይጮኻል። ኮርቻው ሥርም ይጮኻል። መሪው ላይ ባደርገው እዚያም ይጮኻል! ለካ ድምፅ በቱቦ ውስጥ እንደ ውሃ ይሄዳል። ከሁሉም የጎላው ግን ኩሽኔታው ጋ ነው፤ ስለዚህ ኩሽኔታ ነው ብዬ ፈረድኩ።

ሽኩር ጋ ወሰድኩት። እንዳይብስበት ብዬ አልነዳሁትም፤ ደህና አድርጌ ወልውዬ፣ አሰማምሬ፣ እየገፋሁ ነው የሄድኩት። ሽኩር ሰቅሎ አዞረው። ዝም። ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ነድቶት መጣ። ዝም። "ቅቤ ነው" አለኝ። ተሰናብቼ ወጣሁ፤ ታጥፌ ወደ ቤት ስነዳው፣ ክርርር ቸክ።

ግራ ገባኝ። አንድ ብስክሌት ነው፣ አንድ መንገድ ነው፣ እሱ ሲነዳው ዝም ይላል፣ እኔ ስነዳው ያብዳል። ክብደቴ ይሆን? ሽኩር ከእኔ ይወፍራል። ጫማዬ ይሆን? በባዶ እግሬ ሞከርኩ። አልዋሽም፣ አንድ ቀን ጠዋት የሰው ዓይን ነው ብዬም አስቤአለሁ። እንዲህ ግራ እንደገባኝ ሰነበትኩ። ያ የማይዋሸኝ ብረት መዋሸት ጀመረ፤ ብረቱን ላለመጠርጠር ሰው ጠረጠርኩ።

ሐሙስ እንደገና ሱቁ ድረስ ገፋሁት። እንደገና ዝም አለ። ሱቁ በር ላይ ሻይ የሚጠጡ ሰዎች ሳቁ። አንደኛው፣ "ወንድሜ፣ ጆሮህን ለሐኪም አሳየው" አለኝ። ደሜ ፈላ።

"ጆሮዬ ደህና ነው!" አልኩ። "አዲሱን ኩሽኔታ አውጥቶ አሮጌ ከቶብኛል። ሌባ ነው!"

ሽኩር መፍቻውን አስቀመጠ። የሱቁ ባለቤት ሐጂ ከውስጥ ወጡ። የማይቆጡ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሽማግሌ ናቸው፤ ያን ቀንም አልጮኹም። "ሽኩር፣ እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሱቄ በር ላይ ይሄ ቃል ሊነገር አይችልም። ቅዳሜ ጠዋት ይሄ ሰው ዳነልኝ ካላለ ሌላ ሥራ ፈልግ" አሉት። እኔ ልክ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። አብነት ሳልደርስ ደረቴ ተንፍሶ ነበር፤ ቃሌን ግን አልመለስኩም። ያኔም እንዲህ ነበርኩ፣ ዛሬም እንዲህ ነኝ።

ዓርብ ከሰዓት ሽኩር ከጁምዓ ሰላት እንደወጣ፣ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ ሳይነግረኝ ቤቴ መጣ። አከራዬ እትዬ አሰገደች በረንዳው ላይ የበቆሎ እሸት ትልጣለች። ሰላምታ የሰጠው ለሷ ብቻ ነው።

"የት አለ?" አለኝ።

ብስክሌቱን የሸፈንኩበትን ጆንያ ገለጠ። ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ እንደገና ጎንበስ አለ።

"ካቴናው ፊትም ትንሹ ላይ፣ ኋላም ትንሿ ላይ ምን ይሠራል?"

"የአዘቦት ነው።"

"የምን?"

"የአዘቦት! ትልቁ ለመስቀል ነው።"

እትዬ አሰገደች በቆሎውን ጭኗ ላይ ጣለችና፣ "አታውቅም እንዴ ሽኩር?" አለች። "እናንተ ጋ ሲመጣማ ያለብሰዋል። ኋላውን አንሥቶ፣ በእጁ አዙሮ ትልቁ ላይ ያወጣዋል፣ ይወለውለዋል፣ እንደ ሙሽራ ደግፎ ይወስደዋል። ማታ ሲገባ አውልቆለት ነው የማየው።"

እውነቷን ነው። ሰው ፊት የሚቀርብ ነገር በአዘቦት ልብሱ አይቀርብም ብዬ፣ ወደ ሱቁ ስሄድ ትልቁ ላይ አወጣው ነበር። ከሱቁ ራቅ ስል ደግሞ ከመንዳቴ በፊት ወደ ትንሹ እመልሰዋለሁ። ይሄ ከድምፁ ጋር ይገናኛል ብዬ አንድ ቀንም አላሰብኩም። ሸሚዝ መቀየር ከሳል ጋር ምን አገናኘው?

ሽኩር እጄን ይዞ አስጎነበሰኝ። "የፊቱ ትንሹ ወደ ውስጥ ነው ያለው፤ የኋላዋ ትንሿ ደግሞ ወደ ውጭ። ካቴናው ቀጥ ብሎ አይሮጥም፣ ተንጋዶ ነው የሚሮጠው። ሲሮጥ ምን እንደሚያደርግ በዚህ በኩል እይ።"

በውስጥ በኩል አይቼው አላውቅም ነበር። ያ መስታወቴ፣ ለመስቀል ያስቀመጥኩት ትልቁ ጥርስ፣ ከጀርባው ዙሪያውን ተንጋዶ በሚሮጠው ካቴና ተፍቋል፤ ጩኸቱም ይሄው ነው። ስሳሳለት ስፍቀው ነው የሰነበትኩት።

"ታዲያ ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?" አልኩት። ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ አፌ ላይ የመጣው ይሄ ነው።

"ሰው ለዓመት በዓል ማርሽ ያስቀምጣል ብዬ በምን ልጠርጥር!" አለኝ። እሱ አልሳቀም። "ሌባ ያልከኝ ሰው ፊት ነው ወልዴ። ነገ የምትለውን አንተ ታውቃለህ።" ነጭ ልብሱን የነካችውን ዘይት እያየ ወጣ።

የቀረኝ ቀላል ነገር ይመስል ነበር። ትልቁ ላይ አውጥቼ፣ ወልውዬ ብሄድና "ዳነልኝ" ብል ሽኩር ሥራው ላይ ይቆያል። ግን ዳነ ካልኩ ታሞ ነበር ማለቴ ነው፤ ሰዎቹም የሰረቀውን መለሰ ይላሉ። ሌባ የሚለው ቃል እላዩ ላይ ይቀራል።

ይህንን ሁሉ ለሳራ ስነግራት ብስክሌቷ እንደተገለበጠ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁላት፤ የሷ ካቴና ቀጥ ያለ ነው። ምን እንደሚያንኳኳው አላውቅም። ድሮም አላወቅኩም፣ አሁን ደግሞ ጆሮዬም ከድቶኛል። ሰውየውን ከማዋረድሽ በፊት ቤትሽ ጠርተሽ፣ አንቺ እንደምታስቀምጪው አድርገሽ አሳዪው፤ ከዚህ ሌላ የምመክርሽ የለኝም አልኳት። ከዚያ ታሪክ ተምሬአለሁ ለማለትም አፍራለሁ። ልጄ የላከችልኝ ብርድ ልብስ ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ እስካሁን ከነላስቲኩ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፣ እኔ በአሮጌው እንቀጠቀጣለሁ።

"በማግሥቱስ ምን አደረጉ?" አለችኝ።

በማግሥቱ ማልጄ ተነሣሁ፤ ጆንያውን ገለጥኩ። እጄ በልማድ ወደ ጨርቁ ሄደ፤ መለስኩት። ካቴናውን እንዳለ ትንሹ በትንሿ ላይ፣ ጭቃውንም እንዳለ ትቼ ተቀመጥኩበትና ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት፣ በቅዳሜ ገበያተኛ መሐል፣ ክርርር ቸክ፣ ክርርር ቸክ እያሰኘሁ ነዳሁት። ሰው እየዞረ ያየኛል። ሐጂ ሱቁ በር ላይ ቆመዋል፤ የሐሙሶቹ ሻይ ጠጪዎች አሉ፤ ሽኩር ከኋላቸው ነው። ሳልወርድ፣ አንድ እግሬን መሬት አስነክቼ፣ ሁሉም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ፣ "ሐጂ፣ ይሄ ድምፅ የሽኩር አይደለም፤ የእኔ ነው" አልኩ።