ተመልሰው አይምጡ ያልኳቸው ሰው

ደሴ፣ የዓይን ክሊኒክ ነርስ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ አለቃዬ የነበሩት ሲስተር የእጅ ባትሪና የዕይታ መለኪያ ሰሌዳ አስረከቡኝ። ምክርም ጨመሩልኝ፤ "ሬቲናው የሞተ ሰው ሲመጣ አታንገላታው። እውነቱን ንገረውና አሰናብተው።" ምክሩን ወደድኩት። ያኔም ተስፋ አከፋፋይ አልወድም ነበር።

ካሰናበትኳቸው አንዱ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ጠጋኝ። ሲመሽ አያዩም፤ ቀን ደግሞ በቧንቧ እንደሚያጮልቅ ሰው የሚታያቸው መሐሉ ብቻ ነው። "ሬቲናዎ፣ ከዓይንዎ ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ እየሞተ ነው፤ መድኃኒት የለውም። በከንቱ አይድከሙ፣ ተመልሰው አይምጡ" አልኳቸው። ካርዳቸው ላይ "ቀጠሮ አያስፈልግም" ብዬ ጻፍኩና በሐቀኝነቴ ኮርቼ ምሳ ወጣሁ።

ስድስት ዓመት አልተያየንም።

አምና ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው አመጧቸው። ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር የሚያዩት የለም።

"አንተ ልጅ፣ አለህ?" አሉ፣ በድምፄ አውቀውኝ። "ሬዲዮው ግንድ ሕዋስ ከሚሉት፣ ሌላውን ሁሉ ከሚያበቅል ለጋ ሕዋስ፣ የሬቲና ሕዋስ አብቅለው ዓይን ውስጥ ይተክላሉ አለ። የተቃጠለ ዕቃ አውጥቶ አዲስ መግጠም ለኔ አይነገርም። የኔን መቼ ትተክላለህ?"

"ገና ሙከራ ላይ ነው ጋሽ ሰይድ፤ ያውም ባሕር ማዶ። እኛ ዘንድ የለም።"

"ወላሂ፣ 'የለም' ማለት አይታክትህም!"

ባለቤታቸው ሳቁ። "ሐርቡ እህቱ ዘንድ ብቻዬን እወርዳለሁ ብሎ እኮ ነው። እጄን ጠልቶት!"

ላሰናብታቸው ተነስቼ፣ ለይሉኝታ ያህል ባትሪዬን አበራሁ። ክው አልኩ። ሁለቱም ብሌኖች ነጭ ናቸው። የዓይን ሞራ! በየሳምንቱ የምናወጣው ተራ ሞራ፣ የተረፈቻቸውን መሐል ደፍኖባቸዋል።

"መሐሉም ከተጋረደብዎት ስንት ጊዜ ሆነ?"

"አራት ዓመት ይሆናል።"

"ታዲያ ለምን አልመጡም?"

"አይምጡ አላልከኝም?"

ካርዱን አስወጣሁት፤ ጽሑፉ የኔው ነው።

የክሊኒካችን ዶክተር "ብዙ ላናገኝ እንችላለን" ብላ አስጠንቅቃ የቀኙን ሞራ አወጣች። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ጋሽ ሰይድ ከሰሌዳው አራት መስመር አነበቡ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ትክ ብለው አዩኝ።

"ሸብተሃልሳ!"

ሬቲናቸው አልዳነም፤ ዛሬም ሲመሽ አያዩም። ግን በወሩ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሚኒባስ ተሳፍረው ብቻቸውን ሐርቡ ወርደዋል።

ሕዋስ አብቃዮቹ እኛ ጋ መቼ እንደሚደርሱ አላውቅም። አራቱን ዓመት ግን ያሳወርኳቸው እኔ ነኝ። እናንተ አዲስ ነርሶች፣ የማይድን ዓይን ላለውም ሰው በየዓመቱ ቀጠሮ ስጡት።