ግራ ቅንድብ

እማማ ደም በሃያ ስድስት ዓመት የሥራ ዘመኗ ያላረደችው፣ ያልሰቀለችው፣ ከፎቅ ያልወረወረችው ዓይነት ሰው የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። የፊልም ሜካፕ ሠሪ ናት፤ ሙያዋ ቁስል ነው። ደሙን ቤቷ ራሷ ታፈላዋለች፤ ስኳር፣ ውሃ፣ ቀይ ቀለም፣ ጠቆር እንዲልላት ትንሽ ካካዎ። ለተፈነከተ ጭንቅላት ሰባት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል፤ ለተቆረጠ አንገት ግማሽ ጆግ። አንድ ጊዜ ሆዱን "የተወጋ" ተዋናይ በምሳ ሰዓት ሲጋራ ሊገዛ ቢወጣ፣ የሰፈሩ ሰው ተረባርቦ እየጮኸ ሆስፒታል አድርሶታል። ይህን ስታወራ የምትስቀው ሳቅ ደስ አይልም።

እናት አባቷ ያወጡላትን ስም የሚያስታውስ የለም። የገዛ ልጇ እንኳ "እታለም" ነው የምትላት፣ እንደ ታላቅ እህት። "እማዬ" የሚባለው ሌላ ሰው ነው፤ እማማ ደምን ሌት ተቀን የሚያንገበግባትም ይኸው ነው።

ልጅቷ አራት ዓመቷ ሳለ እማማ ደም ለአንድ የጦርነት ፊልም በረሃ ወረደች። "ሦስት ወር" ተብሎ ዘጠኝ ወር ሆነ፤ ሬሳው ብዙ ነበር። ስትመለስ ቤቷ ውስጥ ሌላ ሴት ጠበቀቻት፤ ያውም ተዋናይት፣ ያውም ልጇን ጭኗ ላይ አስተኝታ። በዚያው ደቂቃ በረንዳው ላይ ተያያዙ። የገላገላቸው ጎረቤት ለሳምንት ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ ከረመ። ባልየው ከጥቂት ዓመት በኋላ በልብ ሕመም ሞተ። ጠቡ ግን ጤነኛ ነበር። ልጅቷም የሳምንቱን አምስት ቀን እንጀራ እናቷ ዘንድ፣ ሁለቱን ቀን ወላጅ እናቷ ዘንድ እየተመላለሰች አደገች።

ዘንድሮ ሦስቱም አንድ ፊልም ላይ ተገናኙ። ፊልሙ ቀልዱ ከደሙ የማይለይበት ነው፤ እናትና አማት ለአንዲት የልጅ ልጅ ሲሉ ይገዳደላሉ። እናት ሆና የምትጫወተውስ ማን ትሁን? እንጀራ እናትየዋ! ወላዲቷ ደግሞ በየማለዳው ፊቷን ትቀባለች። ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ልጅቷ የቀረጻው መዝጋቢ ናት። ፊልም መጨረሻው መጀመሪያ ሊቀረጽ ይችላልና፣ ማን ብርጭቆውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ ቁስሉ የት ጋ እንደነበረ በደብተር የምትይዝ እሷ ናት። የሰባት ወር እርጉዝም ናት። ባሏ መርከበኛ ስለሆነ ስትወልድ ቤቷ ገብታ የምታርሳት ሴት ትፈልጋለች። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ፣

"አንዳችሁን ነው የምጠራው። ቀረጻው ሲያልቅ እነግራችኋለሁ" አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ሰላም የሚባል ነገር ከቀረጻው ቦታ ጠፋ። አንዷ ሾርባ ይዛ ስትመጣ ሌላዋ ደፋችው። ያቺ ለልጅቷ ወገብ ትራስ ብታመጣ፣ ይህቺ በመቀስ ዘለዘለችው። እማማ ደም ጠዋት ጠዋት የተዋናይቷ ግራ ቅንድብ ላይ የተተረተረ ቁስል በሰም ትሠራለች፤ ማታ ስትነቅለው ሙጫውን ከነፀጉሩ መዥረጥ ታደርገዋለች።

"አመመሽ እንዴ?"

"ኧረ ምንም። እጅሽ ለስላሳ ነው፤ ልጅ ታጥቦበት አያውቅማ" ትላለች ተዋናይቷ፣ የጫማዋን ሹል ተረከዝ የእማማ ደም አውራ ጣት ላይ ተክላ።

"ሰም የሞተ ቆዳ ላይ ነው ጥሩ የሚይዘው። ያንቺን የመሰለ አላገኘሁም" ትላታለች እማማ ደም፣ ጥፍሯ እየጠቆረ።

የመጨረሻው የቀረጻ ቀን የድብድቡ ቀን ነበር። ቁስሉ የሚታይባቸው ትዕይንቶች ሁሉ ተቀርጸው አልቀው፣ የቀረው ቁስሉን የሚያመጣው ምት ብቻ ነው። አማትን የምትጫወተው አሮጊት ወገቧ አይችልም፤ በእሷ ፈንታ የምትደባደበው ወጣት ደግሞ ትናንት ከደረጃ ወድቃ እጇን ሰብራለች። ዳይሬክተሩ ዙሪያውን ሲያማትር እማማ ደም ላይ ዓይኑ አረፈ።

"ቁመትሽ ልክ ነው። ካሜራው ጀርባሽን ብቻ ነው የሚያየው፤ ቀሚሱን ልበሺ።"

ልጅቷ ሆዷን ደግፋ መጣች። "እታለም፣ ግራኝ ነሽ። በቀኝሽ ምቺ። በግራሽ ከመታሽ ቀኝ ቅንድቧን ነው የምታገኚው፤ የሦስት ሳምንት ሥራ ገደል ገባ ማለት ነው። አደራ።"

"እሺ የኔ እናት። በቀኜ።"

ወጥ ቤቱ ተሰናዳ፤ ጠረጴዛ፣ የሸክላ ሳህን፣ እንደ ብረት ጥቁር የተቀባ የላስቲክ መጥበሻ። ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። እማማ ደም መጥበሻውን በቀኟ ይዛ ቀረበች። ተዋናይቷ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ፣

"ትናንት ነገረችኝ። እኔ ነኝ የማርሳት። አንቺ ለጥየቃ ትመጫለሽ" አለቻት።

መጥበሻው ወደቀ። የእማማ ደም ግራ ቡጢ ከወገቧ ተነሥቶ የተዋናይቷ ቀኝ ቅንድብ ላይ አረፈ፤ ድምፁ የደረቀ እንጨት ሲፈለጥ እንደሚሰማው ነው። ተዋናይቷም የዋዛ አልነበረችም። የእማማ ደምን ፀጉር ጨብጣ ፊቷን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አላተመችው። ጥርስ ረገፈ። ሳህኑ እየተነሣ ይወርዳል፤ አንዱ ጀርባ ላይ፣ አንዱ ጉልበት ላይ፣ አንዱ ግድግዳ ላይ። ወለሉ ላይ ወድቀው ስብርባሪው ላይ ተንከባለሉ። እማማ ደም አንገቷን አንቃ ያዘች፤ ያቺ ክንዷን እስከ አጥንቱ ነከሰቻት። ዳይሬክተሩ በደስታ ይንቀጠቀጣል፤ መብራት ያዡ ያጨበጭባል። በሃያ ስድስት ዓመት ያልሠራችውን የመሰለ ደም እማማ ደም በሁለት ደቂቃ አፈሰሰች።

"ካት! ካት በሉ!" ልጅቷ ነበረች። "ግራ ነው ያልኩሽ! ግራ ቅንድብ!"

ሁለቱም ባሉበት ቀጥ አሉ። እማማ ደም ጥርሷን መዳፏ ላይ ተፋች። የተዋናይቷ ቀኝ ቅንድብ ተከፍቶ ደሙ ዓይኗን ሞልቶታል።

"ዋሽቼ ነው" አለች ተዋናይቷ ወለሉን እያየች። "ምንም አልነገረችኝም።"

"እንግዲያው አሁን ልንገራችሁ" አለች ልጅቷ። "የምታርሰኝ የባሌ እናት ናት።"

"አማትሽ?" አሉ ሁለቱ በአንድ አፍ። በሕይወታቸው አንድ ነገር አብረው ሲሉ የመጀመሪያቸው ነው።

"እሷ ምን ታውቃለች?" አለች እማማ ደም።

"ሰው መምታት አታውቅም።" ልጅቷ ድምፅዋን አላነሣችም። "በረንዳው ላይ ጉትቻዋን የቦጨቅሽው ከቀኝ ጆሮዋ ነው፣ እታለም። አንቺ ደግሞ እማዬ፣ የቧጨርሻት ግራ አንገቷን ነው። ያኔ አራት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማን ማንን የት እንደመታ ስይዝ ነው ያደግኩት። ልጄ ሌላ ነገር ትልመድ።"

ሰው ገድላ ስታስነሣ የኖረችው እማማ ደም፣ ይህን የምትሸፍንበት ቀለም አልነበራትም። አፈረች፤ ከማፈርም አልፎ ልቧ ተሰበረ።

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። "ድገሙት። አሁን ፀሐይዋ ትሄድብናለች።"

እማማ ደም ሣጥኗን ከፈተች። የእውነተኛውን ቁስል ደም አቆመች፣ በሰም ደፈነችው፣ በቆዳ ቀለም ቀባችው። ተዋናይቷ ያለ አንድ ቃል ፊቷን ሰጥታት ተቀመጠች። እንባዋ ግን አልቆም አለ፤ ሰሙን እያራሰ ይወርዳል።

"እንባ አይሆንም" አለች ልጅቷ ከደብተሯ ቀና ሳትል። "በሚቀጥለው ትዕይንት ፊቷ ደረቅ ነው።"

እማማ ደም ፓውደሩን አንሥታ ጠቀጠቀችላት፤ ዛሬ እጇ ቀስ ያለ ነበር። ከዚያ የራሷን ጉንጭ በክንዷ ልትጠርግ ስትል ልጅቷ አየቻት።

"ያንቺ ፊት አይታይም እታለም። አንቺ ማልቀስ ትችያለሽ።"

እማማ ደም የላስቲኩን መጥበሻ በቀኝ እጇ አነሣች።