ሲፋን እናቱን የተሸከመ ዕለት

የካዛንቺስ እድራችንን ዕቃ የምጠብቀው እኔ ገብረሚካኤል ነኝ። ሰፈራችን ፈርሶ ብንበታተንም እድሩ አልፈረሰም። ድንኳኑንም፣ ብረት ድስቱንም፣ የእያንዳንዱን አባል ጠባይም አውቃለሁ፤ ስለዚህ ስለ ሲፋን ማንም ሊያስተምረኝ አይሞክር።

ሲፋን የወይዘሮ ሸዋዬ ልጅ ነው። ሲወለድ ለሴት ልጅ የሚባለው ሦስት እልልታ ተባለለት። በሰባት ዓመቱ ግን ለቅሶ ቤት ሽንኩርት ሊልጥ ሲላክ፣ እየሾለከ ወደ እኛ ወደ ወንዶቹ ይመጣና የድንኳኑን ገመድ ይይዛል።

«ምን ልሁን ብለሽ ነው?» ብዬ ሳቅኩበት።

«ምንም ልሁን አላልኩም። እንዲሁ ነኝ» አለኝ።

ያ ሳቄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አድጎ ኤሌክትሪሺያን ሆነ፤ ባምቢስ አካባቢ እሱ መብራት ያልዘረጋለት ሱቅ ጥቂት ነው። ሃያ ዓመት ሲሞላው ፀጉሩን ተቆርጦ እናቱ ፊት ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ። ሴት ልጅሽ ግን ሆኜ አላውቅም፤ በቃ።»

ወይዘሮ ሸዋዬ ሦስት ቀን አላናገሩትም። በአራተኛው ቀን የሟች ባላቸውን ኮት በልኩ አስጠበቡለትና «ስሞት የምትሸከመኝ አንተ ነህ» አሉት። ቃል ገባላቸው።

ባለፈው ጥር ላንቻ በተከራዩት ቤት አረፉ። አስከሬኑ ሊወጣ ሲል የእድሩ ሊቀመንበር ዋቅጅራ፣ ደግ ግን ግትር ሰው ነው፣ ሲፋንን አስቆመው።

«ሴቶች ከኋላ ነው የሚሄዱት። ደንብ ነው።»

«ጋሼ፣ ለእናቴ ቃል አለብኝ። ከኋላ አልሄድም» አለ ሲፋን። አልጮኸም፤ የአባቱን ኮት ቆልፎ እዚያው ቆመ።

ሳጥን የሚሸከሙ ሰዎች በቁመት ነው የሚጣመሩት። ዋቅጅራ ደግሞ ቁመቱ ለጉድ ነው፤ ከእድራችን የሚደርስበት ሲፋን ብቻ ነው። በእልህ ከአባሎቻችን አንዱን፣ አጭሩን ተከስተን፣ ከጎኑ አስገብቶ ሳጥኑን ሲያነሱት ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ሴቶቹ ጮኹ፤ መልሰው አስቀመጡት።

ደሜ ፈላ። «ዋቅጅራ! አሥራ አምስት ዓመት ድንኳኑን አብሮህ የሚተክለው ማን ነው? ከትከሻህ የሚገጥም ሌላ ሰው አለህ ወይ?»

ዋቅጅራ ሲፋንን ከእግር እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ተከስተን ገለል አደረገ።

«ሲፋን፣ ና ከጎኔ ግባ» አለ።

ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ተነሳ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሲፋን ቦታውን ለማንም አልለቀቀም።